ቆጣሪው ምን ቆጠረ?

የመብራት ሂሳብ ከለመድነው በላይ ሲመጣ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚፈለገው ጥፋተኛ ሰው ነው። አከራዩ ተከራዮቹን ሰብስቦ «ሌሊት ስቶቭ የሚያበራው ማነው?» ይላል። እናት ልጆቿን በቴሌቪዥኑ ትቆጣለች። የቤት ሠራተኛዋ ካውያ ሰክታ ትረሳለች ተብላ ትገሠጻለች፤ ከደመወዟ የሚቆረጥባትም አለች። ከዚያ ለሰሞኑ ኮሪደሩ በዳበሳ ይታለፋል፣ ቻርጀር ሁሉ ከሶኬት ይነቀላል። ወሩ ሲያልቅ ግን ሂሳቡ ንቅንቅ አላለም።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህንኑ ነው፤ ፍጆታው ሳይታሰብ ያሻቀበ ቤት ምክንያቱን እንዴት ያገኛል? ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ ማለትም ታሪፉ፣ የቆጣሪው ንባብና የቤቱ ፍጆታ፣ በአንድ ደረሰኝ ላይ አንድ ድምር ሆነው መምጣታቸው ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሌት ኬምፕተን ከላውራ ሞንትጎመሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጥናት ነገሩን በሱቅ መስሎታል። ምንም ዕቃ ላይ ዋጋ ካልተለጠፈበት ሱቅ ወሩን ሙሉ የሚያስፈልገንን እየወሰድን፣ በወሩ መጨረሻ አንድ ጠቅላላ ሂሳብ ብቻ ቢላክልን ያስወደደው ሥጋው ይሁን ጨው በምን እናውቃለን? የዚህ ጸሐፊ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ማንም ሰው ከመወንጀሉ በፊት ቆጣሪው መነበብ አለበት። መለኪያው በእጃችን እያለ በግምት ሰው ማሳዘን ተገቢ አይደለም።

ብሩ ነው ወይስ ኪሎዋት ሰዓቱ?

ፍለጋው የሚጀመረው ከደረሰኙ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ በመሆኑ ብዙ የተጠቀመ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይበዛል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዓመት በተጠናቀቀው ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች በነበሩበት በ0.273 ብር ሲቆዩ፣ ከ500 በላይ የሚጠቀሙት 2.481 ብር ደረሱ። በታችኛውና በላይኛው እርከን መካከል ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት ነበር ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ ሌላ የአራት ዓመት ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ላይ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚጠቀም ቤትም ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ስለዚህ አምና የተከፈለውን ብር ዘንድሮ ከተከፈለው ጋር ማስተያየት ስለ ቤቱ ፍጆታ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነጻጸረው ኪሎዋት ሰዓቱ ነው። ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰውም «የ500 ብር ካርድ ድሮ ወር ያደርሰኝ ነበር» ከማለቱ በፊት 500 ብሩ ያኔና አሁን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገዛለት ደረሰኞቹን ያስተያይ። ብዙ አቤቱታ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቤቱ አልተለወጠም፣ ዋጋው ነው የተለወጠው።

ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ከጨመረ ቀጥሎ የሚታየው ንባቡ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ተጽፈዋል። ቆጣሪው ዘንድ ሄዶ ማስተያየት የደቂቃ ሥራ ነው። የዛሬው የቆጣሪ ንባብ ደረሰኙ ላይ ካለው ካነሰ አንባቢው ሳይመጣ ተገምቷል ወይም ቁጥር ተሳስቷል። ከዚህ የሚከፋው ለወራት ሳይነበብ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲነበብ ነው። በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የሦስት ወሩ በአንድ ላይ 360 ሆኖ ከመጣበት ሁለት እርከን ዘሎ ይገኛል። ፍጆታው ያው ሆኖ ሳለ የእርከኑ አሠራር ይቀጣዋል። እንዲህ ያለው ሂሳብ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ቆጣሪውን በስልክ ከነቀኑ ፎቶ እያነሱ ማስቀመጥን የሚያህል ማስረጃ የለም።

የሚታየውን ፈርቶ የሚሞቀውን መተው

ንባቡም ልክ ከሆነ ምክንያቱ ከቆጣሪው ወዲህ፣ ቤቱ ውስጥ ነው። ችግሩ ሰው የገዛ ቤቱን ፍጆታ ሲገምት የሚስተው በአንድ አቅጣጫ መሆኑ ነው። ተመራማሪዋ ሻህዚን አታሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት 505 አሜሪካውያን የዕቃዎችን ፍጆታ እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር። ሰዎቹ በአማካይ ከእውነተኛው 2.8 ጊዜ አሳንሰው ገመቱ። ጥቂት የሚበሉትን ዕቃዎች በመጠኑ አጋነኑ፤ ብዙ የሚበሉትን ደግሞ እጅግ አሳነሱ። ኬምፕተንም ቀደም ብሎ ያየው ይህንኑ ነበር፤ አምፖል ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ይከሰሳል፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ይረሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ።

ሌላው የድሮ ጥናት ስለ ጎረቤት ንጽጽር ነው። ሮበርት ሶኮሎውና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ትዊን ሪቨርስ በተባለ ሰፈር በአንድ ፕላን የተሠሩ ቤቶችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ቤቶቹ ተመሳሳይ ሆነው የአንዱ የኃይል ፍጆታ ከሌላው እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ነዋሪው ሲለወጥም የቤቱ ፍጆታ ይለወጥ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ከጎኔ ያለችው 150 ብር ትከፍላለች፣ እኔ ለምን 600?» የሚለው ጥያቄ በራሱ የጥፋት ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። ከጎረቤት ይልቅ ቤቱን ከራሱ ካለፈው ወር ጋር ማስተያየት ብዙ ይነግራል።

ብልጭ የምትለዋ መብራት

ውድ መሣሪያ ሳይገዛ የሚደረግ አንድ ምርመራ አለ፤ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ። ዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል፤ 1,000፣ 1,600 ወይም 3,200 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ 1,000 ከሆነ 3,600ን በሁለት ብልጭታዎች መካከል ባለው ሰከንድ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ውጤት በዚያች ቅጽበት ቤቱ የሚስበው ዋት ነው። 1,600 ከሆነ የሚካፈለው 2,250 ነው። ምሽት ላይ ሁሉም ከተኛ በኋላ 1,600 የተጻፈበት ቆጣሪ በየ30 ሰከንዱ ብልጭ ካለ ቤቱ 75 ዋት ነው የሚስበው፤ ፍሪጅና ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፣ አያስደነግጥም። ምድጃው ጠፍቷል፣ ቦይለሩም ጠፍቷል ተብሎ በየሦስት ሰከንዱ ብልጭ ካለ ግን 750 ዋት ነው። አንድ ነገር እየሞቀ ወይም አንድ ሞተር እየዞረ ነው ማለት ነው።

የሌሊቱ ልኬት ይህን ያህል የሚያስጨንቅበት ምክንያት የሰዓቱ ብዛት ነው። 100 ዋት ቀንና ሌሊት ካልተቋረጠ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ብቻውን የታችኛውን እርከን ሞልቶ ያልፋል።

ቀጥሎ ማጣራት ነው። ፍሪጁን ጨምሮ ሁሉንም ከሶኬት ነቅሎ ብሬከሮቹን እንዳሉ መተው። ቆጣሪው አሁንም ከቆጠረ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ማውረድ፤ ብልጭታው የቆመው የትኛው ሲወርድ ነው? መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ነው። ዋናው ብሬከር ራሱ ወርዶ ቆጣሪው ከቀጠለ ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ ባለው ሽቦ ላይ የተቀጠለ አለ፣ አለዚያም ቆጣሪው ችግር አለበት። ከዚህ ወዲያ ያለው የባለቤቱ ሥራ አይደለም። የቆጣሪው ማኅተም ከተነካ ተበዳዩ ተጠያቂ ይሆናል፤ አቤት ማለት ነው የሚሻለው። በኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች ቆጣሪዎች ደረጃ ሥር በአንድ ላይ ስለሚደረደሩ የአንዱ ቤት ሽቦ በሌላው ቆጣሪ ሲያልፍ፣ የጋራው የደረጃ መብራት በአንድ ነዋሪ ላይ ሲቆጥር ማግኘት ብርቅ አይደለም። የራስን ብሬከር አውርዶ የራስን ቆጣሪ ማየት ይህን ወዲያው ያወጣዋል።

ከዚህ ሌላ ያለው ዘዴ ማስታወሻ መያዝ ነው፤ ለሳምንት ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ንባቡን መጻፍ፣ ከጎኑ እንጀራ የተጋገረበትን፣ ልብስ የታጠበበትን፣ እንግዳ የመጣበትን ቀን ማመልከት። ሶኬት ላይ ተሰክቶ የዕቃውን ዋት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው፤ ምጣድ ግን ሊሰካበት አይገባም፣ ይቃጠላል። የኤሌክትሪሺያኑ ክላምፕ ሜትር ደግሞ አንድ የተለየ ጥቅም አለው። በአንድ ሽቦ ዙሪያ ሲያዝ የሚያልፈውን አምፔር ያሳያል፤ ፌዙና ኒውትራሉ አብረው ሲያዙ ግን የሄደውና የተመለሰው ስለሚጣፋ ዜሮ ማንበብ አለበት። ዜሮ ካልሆነ ከሄደው ውስጥ ያልተመለሰ አለ ማለት ነው፤ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው።

የትኛው ዕቃ መቼ እንደበራ ከቆጣሪው ብቻ የማንበብን ሐሳብ ወደ ሳይንስ ያመጣው የኤም.አይ.ቲው ጆርጅ ሃርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ ጠቅላላው ፍጆታ ዘሎ ሲወጣና ሲወርድ የዝላዩን መጠን አይቶ ፍሪጁን ከካውያው መለየት እንደሚቻል አሳየ። በዚሁ ዘዴ ሰው ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ መሰለል እንደሚቻልም ራሱ አስጠንቅቋል። እዚህ ላይ ልብ እንድንል እፈልጋለሁ። ልኬቱ ተከራይን ወይም የቤት ሠራተኛን ለመሰለል ከዋለ ከግምቱ ውንጀላ ብዙ አይሻልም። ንባቡ ለሁሉም የሚታይ፣ ማስታወሻውም ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ይሁን። የኦክስፎርዷ ሣራ ዳርቢ እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን ሰብስባ ስትገመግም፣ ፍጆታቸውን በቅርብ የሚያዩ ቤቶች ከ5 እስከ 15 በመቶ መቀነሳቸውን አግኝታለች። የቀነሱት ራሳቸው ስላዩት ነው።

ምጣዱ

ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ በኢትዮጵያ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድን የሚስተካከል የለም። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የተጠመጠመው ሬዚስታንስ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ 16 አምፔር ነው። ምጣዱ እስኪግል፣ ታስሶ የመጀመሪያው እንጀራ እስኪሰፋ፣ ከዚያም አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲሰፋ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ብንል 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት በወር 45 አካባቢ ይደርሳል፤ ሌላ ምንም ሳይበራ የታችኛው እርከን ሊሞላ ነው።

ይህ የሚታወቅ ፍጆታ ነው። ያልታሰበው የሚመጣው ከዝርዝሩ ነው። ሸክላው ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ከሬዚስታንሱ ከሚወጣው ሙቀት ብዙው ወደ ታችና ወደ ጎን ይባክናል፤ ከሥሩ ያለው መከለያ ከረገፈ ወይም ሸክላው ከተሰነጠቀ ብክነቱ ይብሳል። አክንባሎው የማይገጥም ከሆነ እያንዳንዱ እንጀራ ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል። ከሁሉም ይልቅ የተረሳው የቮልቴጁ ነገር ነው። የሬዚስታንስ ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ይወርዳል። ሰፈሩ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት መስመሩ ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደ 3.5 ኪሎዋት የነበረው ምጣድ 2.3 ኪሎዋት ብቻ ይሆናል። ጋጋሪዋ «ኃይል የለውም፣ አይኑን አላወጣም» ትላለች። ምጣዱ በግማሽ ልብ እየሞቀ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ የሚባክነውም ሙቀት አብሮ ይረዝማል፣ ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። እንጀራዋ ዘግይቶባት ምጣዱን ረጅም ሰዓት ያበራችው ሴት ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሌሊት ወይም ማለዳ መጋገር፣ ሊጡን አብዝቶ በአንድ ግለት መጨረስ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራ አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት ከማንኛውም የአምፖል ቁጠባ ይበልጣሉ።

ውሃ የሚያመጣው ሂሳብ

ከምጣዱ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ውሃ ነው። 50 ሊትር ቦይለር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሲበራ የሚውል ከሆነ ማንም ሳይታጠብበት የሚያጣውን ሙቀት ደግሞ ደጋግሞ ይተካል። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ከቀረ ውሃውን ያለማቋረጥ ያፈላል፤ የደህንነት ቫልቩ በእንፋሎት ሲያንጠባጥብ የሚታየው ያኔ ነው። የሚያንጠባጥብ የሙቅ ውሃ ቧንቧም ቀላል አይደለም። በሰዓት ሁለት ሊትር ብቻ የሚያፈስ ከሆነ በወር 70 ኪሎዋት ሰዓት ያህል አብሮ ይፈሳል።

ቀዝቃዛው ውሃም ቢሆን ያስከፍላል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ግቢ ሮቶና ፓምፕ አለው። የሽንት ቤቱ ፍላሽ ሲያፈስ ሰው የሚያስበው ስለ ውሃ ሂሳቡ ነው፤ ፓምፑ ግን የፈሰሰውን ለመተካት ሌሊቱን ሙሉ ይነሳል ይተኛል። የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ በቀን ያለ ሥራው ስድስት ሰዓት ቢሠራ በወር 135 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ከተበላሸም እንዲሁ ነው። ሌሊት በጸጥታ ጆሮን ጣል ማድረግ ለፓምፕ ከሁሉም የተሻለ ምርመራ ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ የሆነውን ልናገር። ሦስት ተከራዮች ያሉበት፣ አንድ ቆጣሪ ብቻ ያለው ግቢ ነው። ሂሳቡ በክረምቱ መግቢያ ላይ ዘለለ። ጣት የተቀሰረው አዲስ በገባችውና እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች በምታስረክበው ተከራይ ላይ ነበር፤ ቤቱን እንድትለቅ እስከ መባል ተደረሰ። ማስታወሻ ሲያዝ ግን እሷ በማትጋግርበት ቀንም ቆጣሪው ያንኑ ያህል ይቆጥር ነበር። ሌሊት ብሬከሮቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ብልጭታው የቆመው ግቢው ጥግ ወዳለው የሻወር ቤት የሚሄደው መስመር ላይ ነው። የቦይለሩ ማብሪያ ግን ጠፍቶ ነበር! ኤሌክትሪሺያኑ ሲከፍተው ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቦይለሩ «ጠፍቶም» ቢሆን ፌዙ ሬዚስታንሱ ላይ ነበር። የሬዚስታንሱ ሽፋን ስለተበላ ኮረንቲው በውሃው በኩል ወደ መሬት ይፈስሳል። በዚያ ግቢ ልጆች «ቧንቧው ነዘረኝ» ሲሉ ቆይተዋል፤ የሰማቸው አልነበረም።

አንድ አምፔር ብቻ እንዲህ ቢፈስ 220 ዋት ነው፤ በወር 158 ኪሎዋት ሰዓት። ገንዘቡ ትንሹ ጉዳት ነው። በሰው አካል ውስጥ የሚያልፍ አንድ አሥረኛ አምፔር እንኳ ይገድላል። ምክንያቱ ያልታወቀ የሂሳብ ጭማሪና የሚነዝር ውሃ ወይም የሚነዝር የፍሪጅ በር አብረው ከመጡ ብሬከሩ በዚያው ሰዓት ይውረድ፣ ባለሙያ ይጠራ። እንዲህ ያለውን ፍሳሽ አይቶ የሚያቋርጥ ብሬከር ገበያ ላይ አለ፤ ግራውንድ በሌላቸው አሮጌ ቤቶች ሁሉ ቢገባ የመጀመሪያው ምርጫዬ ነው።

ትንንሾቹ፣ እና አዲሱ ትልቅ

ፍሪጅ በራሱ ጥፋተኛ የሚሆነው ሲያረጅ ነው። የበሩ ጎማ ሲላላ፣ ጀርባው አቧራ ሲጠግብ ወይም ከምድጃ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ኮምፕረሰሩ አያርፍም። በረንዳ ላይ የሚሰቀለው 400 ዋት ሃሎጅን ፓውዛ ሌሊቱን 12 ሰዓት ሲበራ በወር 144 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በኤልኢዲ መለወጥ የሚያዋጣው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ተሰክተው ስለሚውሉ ዕቃዎች ብዙ ተብሏል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1999 ዕቃ ሳይሠራ ከአንድ ዋት በላይ እንዳይበላ ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ አዳዲሶቹ ተሻሽለዋል፤ የቆየ የዲሽ ሪሲቨርና ስታብላይዘር ግን አሁንም አሥርና ሃያ ዋት ይወስዳሉ። የሞባይል ቻርጀርን በተመለከተ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ማካይ ክርክሩን ዘግቶታል፤ ቻርጀር ቀኑን ሙሉ ባዶውን ተሰክቶ የሚበላው መኪና በአንድ ሰከንድ ጉዞ የሚጨርሰውን ያህል ነው።

ስለ መኪና ከተነሳ አዲሱ ትልቅ ፍጆታ እሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ሶኬት ላይ መኪና የሚሰኩ ግቢዎች በዝተዋል። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አንድ ጊዜ መሙላት ማለት አንድ ቁጠባ የሚያውቅ ቤት ወሩን ሙሉ የሚኖርበት ኃይል ነው።

ሶኬት ላይ ተሰክቶ «ሂሳብ በግማሽ ይቀንሳል» እየተባለ የሚሸጠውን ትንሽ ሳጥን ግን ማንም እንዳይገዛ። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ካፓሲተር ነው፤ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚቆጥረውን ኪሎዋት ሰዓት አይቀንስም።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ምጣዱ ቀላል ነው፤ የአሜሪካ ሶኬት ስለማይፈቅድ እንጀራ የሚጋገርበት መጥበሻ 1,500 ዋት አካባቢ ነው። እዚያ ጥፋተኛው ሌላ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሂትፓምፕ ያለው ቤት ክረምት ላይ ወደ ረዳት ማሞቂያው ሲዞር ፍጆታው እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ቴርሞስታቱ ላይ የምትወጣውን ትንሽ ምልክት ያላየ ሰው ምክንያቱን አያገኝም። እስራኤል ውስጥ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ማሞቂያ (ዱድ) በፀሐይ ይሞቃል፤ በደመና ቀን የተከፈተው የኤሌክትሪክ ማብሪያው ሳይዘጋ ሲረሳ ግን ፀሐይዋ ወጥታም ይቆጥራል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገር በአብዛኛው የኤሲ ነው።

ቆጣሪው ራሱ ሲሳሳት

ሁሉም ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ ቆጣሪውን መጠርጠር ስሕተት አይደለም። በሚሽከረከር ሳህን የሚሠሩት አሮጌ ቆጣሪዎች ሲያረጁ ብዙውን ጊዜ ቀርፋፋ ይሆናሉ፤ በዲጂታል ሲለወጡ ሂሳቡ የሚጨምረው አንዳንዴ አዲሱ ልክ ስለሆነ ነው። ይህ ማለት ዲጂታሉ አይሳሳትም ማለት አይደለም። የኔዘርላንዱ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፍራንክ ሌፈሪንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ ዲጂታል ቆጣሪዎችን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈትኑ አምስቱ ከእውነተኛው በላይ ቆጠሩ፤ አንዱ ልዩነት እስከ 582 በመቶ ደረሰ። ስሕተቱ የከፋው ቆጣቢና ኤልኢዲ አምፖሎች በዲመር ሲበሩ ነው፤ ሞገዱ ስለሚቆራረጥ ቆጣሪውን ያሳስተዋል። ይህ የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ምጣድና ቦይለር እንዲህ ያለ ሞገድ አይፈጥሩም። ስለዚህ ቆጣሪውን በሚታወቅ ዕቃ መፈተን ይቻላል። ሌላው ሁሉ ተነቅሎ ትክክለኛ 1,000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ ለስድስት ደቂቃ ቢበራ ቆጣሪው 0.1 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 1,000 በተጻፈበት ላይ 100 ብልጭታ መቁጠር አለበት። ቮልቴጁ ዝቅ ካለ ያንስ ይሆናል፤ 130 እና 150 ከቆጠረ ግን ፎቶውንና ቪዲዮውን ይዞ ቆጣሪው እንዲመረመር ማመልከት ተገቢ ነው።

በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ?

እስካሁን ከታዩት ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳበት፣ ግን ማንም ዕቃ ያላበላሸበት አንድ ምክንያት አለ። አራት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም ሁለተኛው እርከን ላይ ናቸው። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ 240 ሆነው አራተኛው እርከን ላይ ይወድቃሉ። በ2011ዱ ማሻሻያ መጨረሻ ዋጋ ሁለተኛው እርከን 0.767 ብር፣ አራተኛው 2 ብር ነበር። በቁጠባ የሚኖር ተከራይ እንደ ባለ ትልቅ ቤት እየተሰላበት፣ በላዩ ደግሞ አባካኝ እየተባለ ይኖራል።

በየክፍሉ የሚገባው የውስጥ ቆጣሪ ክርክሩን ያቀልለዋል፤ ነገር ግን ከገበያ ተገዝቶ የሚገባ ስለሆነ ልክነቱ ያልተረጋገጠ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ከላይ ባየነው የስድስት ደቂቃ ፈተና ሁሉም ባለበት ይፈተን። የውስጥ ቆጣሪዎቹ ድምር ከዋናው ካነሰ ልዩነቱ የጋራው ፓምፕ፣ የግቢው ፓውዛ ወይም ፍሳሽ ነው፤ እሱን ለተከራይ በሰው ቁጥር ማከፋፈል ሳይሆን ፈልጎ ማግኘት የአከራዩ ድርሻ ነው። ተከራይም የሚከፍልበትን ደረሰኝ፣ ከነንባቡና ከነኪሎዋት ሰዓቱ፣ በዓይኑ የማየት መብት ሊኖረው ይገባል፤ ይህ በኪራይ ውሉ ውስጥ በአንድ መስመር ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው።